ስለ አሥራ አራቱ ረድፎችና መሃል ላይ ስለተቋረጠው አንዱ

ለክቡር የፈጠራ ማመልከቻዎች መርማሪ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የመርፌ መያዣው ሰርተፊኬት በማን ስም ሊጻፍ እንደሚገባ አቤቱታ ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የዓይንዎ ጤና እንደምን አለ? ለዓይንዎ አብዝቼ መጨነቄ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቁርጥ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ሥዕሎችን ከሁለት ሰዎች ተቀብሎ አንደኛውን «አዲስ ፈጠራ»፣ ሌላኛውን «በቂ ማስረጃ የሌለው ተቃውሞ» ብሎ ለመለየት የቻለ ዓይን በዘመናችን እንደ ልብ የሚገኝ ስላልሆነ፣ በነቀምቴና በዙሪያዋ ያለን ሰዎች በየእምነታችን እንጸልይልዎታለን። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ በጊዜው ገብቷል፣ በቆሎውም ከሰው ቁመት አልፏል። ስለ በቆሎው ወደ ኋላ በሰፊው ስለምመለስበት ለጊዜው በዚሁ ልተወው።

ዋለ እባላለሁ። ከነቀምቴ ወደ አርጆ በሚወስደው መንገድ ዳር በሚገኝ፣ ለክብሩ ስል ስሙን በማልጠራው ጤና ጣቢያ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ስወጋ የኖርኩ ነርስ ነኝ። ሰርተፊኬት ሊሰጧት የወሰኑላት ሲስተር ዛህራም የሥራ ባልደረባዬ ናት። ባልደረባዬ ብቻም አይደለችም፤ ወላጆቻችን በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው በአንድ የሰፈራ መንደር አጥር ለአጥር ጎጆ የቀለሱ ናቸውና አብረን አደግን፣ አብረን ተማርን። ከአራተኛ ክፍል እስከ አሥረኛ ክፍል እሷ አንደኛ ስትወጣ እኔ ሁለተኛ እወጣ ነበር። አንድ ጊዜ፣ ሰባተኛ ክፍል እያለን፣ ወባ ይዟት ፈተና አመለጣትና ዘንድሮስ አንደኛ እወጣለሁ ስል ፊራኦል የሚባል ከቢላ ከተማ የመጣ አዲስ ተማሪ አንደኛ ወጣ። ይህን የምጠቅሰው ከጉዳዩ ጋር ስለሚገናኝ ሳይሆን እስካሁን ስለሚያናድደኝ ነው።

ደብዳቤዬን ለሕዝብ ያወጣሁት ስለሆነ ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ነርስ ሰው ወግቶ ሲጨርስ ደም የነካ መርፌ በእጁ ይቀራል። ክዳኑን ልመልስለት ሲል የገዛ ጣቱን ይወጋል፤ ትሪ ላይ ቢተወው ደግሞ ከእሱ በኋላ የሚመጣውን ሰው ይወጋል። ሴፍቲ ቦክስ የምንለው የመርፌ መጣያ ካርቶን ሲኖር መልካም ነው፤ ሲያልቅ ግን የሚቀጥለው እስኪመጣ ሳምንታት ያልፋሉ፣ በሽተኛው ደግሞ ካርቶን አይጠብቅም። የምንጣላበት ዕቃ ለዚህ መላ የሚሆን ነው። ርዝመቱ ከስንዝር የማይበልጥ፣ ክብ፣ ውስጡ ለስላሳ ነው፤ ነርሱ በአንድ እጁ ብቻ መርፌውን አናቱ ላይ ይተክለዋል፣ ሌላኛው እጁ ኪሱ ውስጥ ቢሆን ግድ የለም። መርፌው ሰርጎ ይቀራል፣ ማንንም አይነካም፣ ዕቃው ሲሞላ ከነመርፌዎቹ ይቃጠላል። ዛህራ ይህን የፈጠርኩት እኔ ነኝ ብላ አመለከተች፤ እኔ የለም የእኔ ነው ብዬ ተቃወምኩ። መሥሪያ ቤትዎ ለእሷ ሊሰጥ ወስኖ፣ ተቃዋሚ ያለ እንደሆነ በስልሳ ቀን ውስጥ ይቅረብ ሲል በጋዜጣ አስታወቀ። ዛሬ አምሳ ሦስተኛው ቀን ነው። የዛሬ ሳምንት ሰርተፊኬቱ በአንድ ሰው ስም ይጻፋል፤ የእኔም ጥያቄ በማን ስም የሚለው ብቻ ነው።

የከበረ ጊዜዎን ላለማባከን አቤቱታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ግድግዳው። ሰርተፊኬቱ ገና ሳይሰጥ የጋዜጣው ቁራጭ በመስተዋት ተገብቶ በጤና ጣቢያችን ተራ መጠበቂያ ክፍል ተሰቅሏል። የተሰቀለበት ምስማር፣ እኔ ከስድስት ዓመት በፊት የወሩ ምስጉን ሠራተኛ በተባልኩ ጊዜ ፎቶዬ የተሰቀለበት ምስማር ነው፤ ፎቶዬ አሁን መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ከግሉኮስ ካርቶን ጀርባ ዞሮ ቆሟል። በቀን አሥራ ሰባት ጊዜ በዚያ ግድግዳ ሥር አልፋለሁ፤ ቆጥሬ ነው። ኦቦ ጆቴ የሚባሉ ስኳር ያለባቸው አዛውንት ሰባት ዓመት በእኔ እጅ ሲወጉ ኖረው ባለፈው ሰኞ ክንዳቸውን ከእጄ ቀስ ብለው አወጡና፣ «ኢልመ ኮ፣ አንተም ደህና ነህ፤ ዛሬ ግን ግድግዳው ላይ ያለችው ትውጋኝ» አሉኝ። ኢልመ ኮ ማለት ልጄ ማለት መሆኑን እርስዎ ያውቃሉ ብዬ እገምታለሁ። ልጃቸው ሆኜ ነው የተባረርኩት። ለዚህ የከበረ ስጦታ መሥሪያ ቤትዎን ከልብ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ እናቴ ዶሮ። በነርስነት የተመረቅሁ ዕለት እናቴ ዶሮ ልታርድልኝ አስባ ነበር፤ ነገር ግን ዶሮዋ እንቁላል በመጣል ላይ ስለነበረች ትቆይ ተባለና ሽሮ በልተን ተለያየን። የዛህራ ስም በጋዜጣ መውጣቱ በመንደራችን የተሰማ ጊዜ ግን ይህችው እናቴ፣ እንቁላል በመጣል ላይ ያለች ሌላ ዶሮ እግሯን አስራ፣ እነዛህራ በራሳቸው ሥርዓት እንዲያርዷት ከነነፍሷ ላከችላት። ያደረስኳትም እኔ ነኝ፤ በባጃጅ፣ ጭኔ ላይ አስቀምጬ። መንገድ ላይ አንድ እንቁላል ጣለች። እንቁላሉን ለዛህራ አልሰጠኋትም፤ ከሳሽ ራሱ ንጹሕ መሆን አለበት ስለሚባል ይህንንም ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ሰማያዊው ደብተር። የመርፌ ክፍሉን እኔና ዛህራ በፈረቃ እንሠራበታለን፤ ጠረጴዛው አንድ፣ መሳቢያውም አንድ ነው፣ ቁልፉ ከጠፋ ቆይቷል። የዕቃውን ሥዕል ሰማያዊ ደብተር ላይ ሠርቼ እዚያ መሳቢያ ውስጥ ሁለት ዓመት ያህል አስቀምጬዋለሁ። ለምን ሁለት ዓመት ዝም አልክ ቢሉኝ፣ ዝም አላልኩም፤ ለዕቃው ስም እየፈለግሁ ነበር። «ዋለ መያዣ» ልበለው ወይስ «መያዣ ዋለ» የሚለውን ብቻ ስምንት ወር አስቤበታለሁ። በመጨረሻ ደብተሬን ይዤ በነቀምቴ የሰርግ ጥሪ ካርድ በኮምፒውተር ወደሚሠራው ወደ ፉአድ ሱቅ ስገባ ፉአድ ገጹን አየና፣ «ወንድሜ፣ ይሄንን እኮ ከአራት ወር በፊት ሠርቼዋለሁ» አለኝ። ለማን እንደሠራው አልጠየቅሁትም፤ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ እንዲህ ያለው ነገር ለማን እንደሚሆን አውቃለሁ። ሻይ ላዝዝልህ ወይ ብሎኝ ነበር፣ እሺ አልኩት።

አራተኛውን ለጊዜው ልዝለለው። በኋላ እመለስበታለሁ።

አምስተኛ፣ ስለ ራስዎ ጥያቄ። ሁለቱም ሥዕሎች አንድ ዓይነት ሆነው ቢያገኟቸው፣ እውነተኛው ፈጣሪ የዕቃውን ቅርጽ ምክንያት ያውቃል ብለው ለሁለታችንም ሦስት ጥያቄ ላኩልን፤ ዕቃው ወደ ታች እየጠበበ የሚሄደው ለምንድን ነው? ዙሪያውን ያሉት ትናንሽ ጉድጓዶች በአሥራ አራት ረድፍ የተደረደሩት ለምንድን ነው? ከአሥራ አራቱ አንዱ ረድፍ መሃል ላይ ደርሶ የሚቋረጠው ለምንድን ነው? ጥያቄዎቹ እጅግ ብልህ ነበሩ። እኔ በዘጠኝ ገጽ መለስኩ። መጥበቡ የእጅን ኃይል ወደ መሃል ለመሰብሰብ ነው አልኩ፤ ምንም እንኳ በዚሁ መጥበብ ምክንያት ዕቃው ጠረጴዛ ላይ በራሱ መቆም አቅቶት ለሁለታችንም ሥዕል ከሥሩ የቆርቆሮ ድጋፍ ያስፈለገው ቢሆንም። ከአሥራ አራቱ ረድፎች አሥሩ ለአሥሩ ጣቶች፣ አራቱ ለመጠባበቂያ ናቸው አልኩ። የተቋረጠውን ረድፍ ለአውራ ጣት ማረፊያ ብዬ፣ ስለ አውራ ጣት ብቻ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ዛህራ ለሦስቱም ጥያቄዎች በአንድ መስመር፣ «ለእጅ አያያዝ እንዲመች» ብላ መለሰች። እርስዎም የእሷን መልስ ግልጽና አጥጋቢ ብለውታል። በትምህርት ቤትም መምህራኖቻችን እንዲሁ ነበሩ።

ስድስተኛ፣ ዛህራ ትሑት ሆናለች። ይህ ከሁሉ የከፋው ነው። ድሮ አንደኛ ስትወጣ ካርዷን እያሳየች ትሮጥ ስለነበር መጥላት ቀላል ነበር፤ አሁን ግን ጠዋት ስንገናኝ ዓይኗን ሰብራ «ዋልዬ አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ» ትለኛለች፣ ሰው ሲያመሰግናት «የሁላችንም ሥራ ነው» ትላለች። የሁላችንም ከሆነ በማመልከቻው ላይ ስማችን የት አለ? በአዋጁ ውስጥ አመልካች ከሰርተፊኬት በፊት ትሑት እንዳይሆን የሚከለክል አንቀጽ ካለ እባክዎ ይጠቁሙኝ።

አዎን፣ ቀንቻለሁ። ቅናት አይደለም፣ የመብት ጥያቄ ነው የምልበት ጊዜ አልፏል። እንቅልፍ ነሥቶኛል፣ እህል አይበላልኝም፣ በሽተኛ ስወጋ እንኳ የእሷ መርፌ ያመው ይሆን ወይስ የእኔ እያልኩ ፊቱን አያለሁ።

አሁን ወደ ዘለልኩት አራተኛ ልመለስ። ክቡር ሆይ፣ ማንበብዎን እዚህ ላይ ቢያቆሙ ለእኔ ይሻለኝ ነበር። ነገር ግን ዛህራ ከእኔ ደብተር መቅዳቷን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ያለኝ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በቤቴ በብረት ሳጥን ውስጥ፣ ከትምህርት ማስረጃዎቼ ሥር፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ያስቀመጥኩት የበቆሎ ቆረቆንዳ ነው። ፍሬው ተፈልፍሎ ሲያልቅ የሚቀረውን፣ እኛ ጋ ለማገዶ የሚሆነውን ማለቴ ነው።

ጤና ጣቢያችንን የሚያጸዱት አደ ዲንቂቱ ይባላሉ፤ ከጉቶ ጊዳ ገጠር በእግር የሚመላለሱ ገበሬ እናት ናቸው። አደ የክብር መጠሪያ ነው፤ እኔና ዛህራ ግን ለዓመታት «ጽዳት!» እያልን ነበር የምንጠራቸው። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ሴፍቲ ቦክስ ባለቀብን ሰሞን፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት የፋሻ ቆሻሻ ሲያነሡ መርፌ መዳፋቸውን ወጋቸው። ሃያ ስምንት ቀን የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት ዋጡ፣ ስድስት ወር የደም ምርመራ ውጤት ጠበቁ፤ ፈጣሪ ይመስገን ንጹሕ ሆኑ። በዚያው ሳምንት ግን ከቤታቸው በማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ ደረቅ ቆረቆንዳ ይዘው መጡ። ወፍራሙን ጫፍ ሰብረው ወደ ላይ፣ ቀጭኑን ወደ ታች አድርገው ባዶ የቲማቲም ጣሳ ውስጥ አቆሙት፤ ውስጡ ያለው ነጭና ለስላሳው ነገር መርፌውን ቀጥ አድርጎ ይይዛል። የወጋችሁበትን እዚህ ትከሉልኝ፣ እኔ ከነቆረቆንዳው አቃጥለዋለሁ አሉን። የመጀመሪያውንም ያስቀመጡት በዛህራ ትሪ ላይ ሳይሆን በእኔ ትሪ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ለአገልግሎት ዘመኔ የተሰጠ ክብር መስሎኝ በጣም ደስ ብሎኝ እንደነበር አልደብቅም።

አራት ወር ያህል ተጠቀምንበት። በእነዚያ አራት ወራት አንድም ሰው አልተወጋም። ከዚያ ለክትትል የመጡ ሦስት እንግዶች፣ ይህ ቆሻሻ ሕክምና ክፍል ውስጥ ምን ይሠራል ብለው ተቆጡና ቆረቆንዳው ሁሉ ተለቅሞ ወጣ፤ አደ ዲንቂቱም ተገሠጹ። እኔና ዛህራ አጠገባቸው ቆመን ነበር፣ ሁለታችንም ቃል አልተነፈስንም። እኔ ግን አንዱን በጋዎኔ ኪስ ከትቼ ወጣሁ። የዚያኑ ዕለት ፍሬዎቹ የነበሩባቸውን ጉድጓዶች ረድፍ ቆጥሬ፣ ፕላስቲክ አስመስዬ ሰማያዊው ደብተር ላይ ሣልኩት።

የአደ ዲንቂቱ ቆረቆንዳዎች አሥራ ሁለት ረድፍ ያላቸው ነበሩ፣ አሥራ ስድስት ያላቸውም ነበሩ። የእኔው አሥራ አራት ነው። ያን ዓመት ዝናብ አጥሮ ስለነበር በዚህ በቆሎ ላይ አንዱ ረድፍ መሃል ላይ ደርሶ ፍሬ ሳይዝ ቀርቷል። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ቆረቆንዳ ያለው በእኔ ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው፣ እንዲህ ያለ ሥዕልም ያለው በእኔ ደብተር ላይ ብቻ ነበር። ስለዚህ ዛህራ ከእኔ እንደቀዳች ከዚህ በኋላ የሚጠራጠር የለም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አስረክቤዎታለሁ፤ ይቁጠሩት። እኔ ከማን እንደቀዳሁ ደግሞ አሁን ያውቃሉ። ዕቃው ለምን ወደ ታች እንደሚጠብ የጠየቁንም ለዚህ ነው፤ ዲፕሎማ ያለን ሁለት ነርሶች ሆነን የበቆሎውን ጠባብ ጫፍ እንኳ ትተን መሣል አልቻልንም።

ስለዚህ ሰርተፊኬቱ በአደ ዲንቂቱ ስም ይጻፍልኝ። ይህን የምለው ለፍትሕ ተቆርቁሬ ነው ብዬ አላታልልዎትም፤ ለፍትሕ ብቆረቆር ሁለት ዓመት ተኩል ሳጥን ውስጥ አልደብቀውም ነበር። የእኔ የማይሆን ከሆነ የዛህራ ስም በዚያ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ከማየው የማንም ሌላ ሰው ስም ይሻለኛል ብዬ ተነሣሁ፤ ሌላ ሰው ስፈልግ ግን የፈጠራውን እውነተኛ ባለቤት ስም አገኘሁ። ባለፈው ቅዳሜ በባጃጅ እስከ አስፋልቱ መጨረሻ፣ ከዚያ በእግሬ ቤታቸው ሄጄ በቆሎ ሲፈለፍሉ አገኘኋቸው፤ ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። ሰርተፊኬት ምን እንደሆነ ካስረዳኋቸው በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ ወረቀቱ ሲሰጥ ቆረቆንዳውን ወደ መርፌ ክፍሉ መልሼ ማምጣት ይፈቀድልኛል ወይ አሉ። ጥያቄው ለእርስዎ ስለሆነ ሳልጨምር ሳልቀንስ አስተላልፌአለሁ።

በሥዕል መመሳሰል የማይታለሉ፣ በዘጠኝ ገጽ የማይሸነፉ፣ አንድ መስመር ሲያዩ ግን ልባቸው የሚራራ መርማሪ ሆይ፣ እስካሁን ስላደረጉልኝ ሁሉ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ዓይንዎን ያቆይልዎ፣ ጣትዎን ከመርፌ ይጠብቅልዎ፤ ስሜ የሌለበትን ግድግዳ በቀን አሥራ ሰባት ጊዜ እያለፍኩ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ዋለ
ነርስ፣ ከሰባተኛ ክፍል በስተቀር ሁልጊዜ ሁለተኛ፤ በዚያም ሁለተኛ

አባሪ፦ መርፌ ያልተተከለበት አንድ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ ከነመጠቅለያ ጨርቁ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከአደ ዲንቂቱ ቤት ልወጣ ስል፣ ያን ጊዜ የመጀመሪያውን ቆረቆንዳ ከዛህራ አስቀድመው በእኔ ትሪ ላይ ያስቀመጡበትን ምክንያት ጠየቅኋቸው፤ ይህንንም ክብር በአቤቱታዬ ላይ ልጨምረው ፈልጌ ነበር። ሳይቆጡ፣ ከሚፈለፍሉት በቆሎ ቀና ሳይሉ፣ «ያን ማክሰኞ የወጋኝ መርፌ ከአንተ ትሪ ላይ የወደቀው ነዋ፣ ኢልመ ኮ» አሉኝ። ሰኞ ስገባ የፈረቃ መዝገቡን አየሁ፤ ትክክል ናቸው፣ ተረኛው እኔ ነበርኩ፣ ዛህራ ዕረፍት ላይ ነበረች። ስለሆነም በሰርተፊኬቱ ላይ ለፈጠራው ምክንያት የሆነው ሰው የሚል መስመር ያለ እንደሆነ የእኔን ስም ይሙሉበት። በዚያ መስመር ላይ አንደኛ ነኝ፣ ዛህራም አትቃወምም።